ጣና በወረቀት ተጠብቆ በውሃው ላይ ይሙት?

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ጣና ሐይቅ "ጥብቅ ሥፍራነት" ሲወራ የሚሰማ የጎጃም ገበሬ ከዚህ የተሻለ ተረት አያገኝለትም። ላሟ አለች ተብሏል። በዓለም መዝገብ ሰፍራለች፣ ሰሌዳ ቆሞላታል፣ በስሟ ስንትና ስንት ስብሰባ ተካሂዷል። ወተቷን ግን ያየ የለም። ይባስ ብሎ ላሟ ራሷ በቁሟ እየከሳች ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንነሳ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ ጣናንና ዙሪያውን "ባዮስፌር ሪዘርቭ" ብሎ መዘገበው። ስፋቱ ወደ 700 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ከፋ፣ ያዩና ሸካ ቀድመውት ተመዝግበዋል፤ ማጃንግ በ2009 ዓ.ም. ተከትሎታል። ባዮስፌር ሪዘርቭ ማለት ሰውን አባርሮ አውሬ ማስፈር አይደለም። ሰውና ተፈጥሮ ተሳስበው የሚኖሩበት ሥፍራ ማለት ነው። በሦስት ይከፈላል። እምብርቱ አይነካም። በዙሪያው ያለው በጥንቃቄ ይሠራበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ይታረሳል፣ ይነገድበታል፣ ይኖርበታል። አሳቡ መልካም ነው። በአሳቡ ላይ ጠብ የለንም።

ጠባችን ሌላ ነው። እምብርቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር፣ ዳሩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ ውስጥ የሚኖረው ሰው ምን እንደሚጠበቅበትና በምላሹ ምን እንደሚያገኝ፣ ለሚያርሰውና ለሚያጠምደው ሰው ቁጭ ብሎ የነገረው ማነው? ሐይቁ ሲታመምስ ተጠያቂው ማነው? ይኸው ነው ጥያቄያችን።

አንዳንድ አንባቢ "የቢቸናና የሞጣ ሰው ስለ ጣና ምን አገባው?" ሊል ይችላል። አገባው እንጂ! ዓባይ ከጣና ይወጣል። ባሕር ዳርን ለቆ፣ ጢስ እሳት ላይ ወርዶ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራል። ከሞጣ በታች ገደሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የጥንቱ ሰባራ ድልድይም የሚገኘው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ቆላ ቆላውን ይዞ ከቢቸና በታች ወደ ደጀን በረሃ ይወርዳል። ሱሃና ሙጋም ከጮቄ ተነሥተው ከዚሁ ዓባይ ይቀላቀላሉ። እንግዲህ ጣና ሲታመም ሕመሙ በደጃችን ያልፋል ማለት ነው። ደግሞስ የሞጣ ሰው በሽተኛ ይዞ፣ ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ይዞ፣ እህሉን ጭኖ በአዴት በኩል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርሰው የት ነው? እዚያው ሐይቅ ዳር አይደለም?

ሌላም ምክንያት አለ፤ ዋናውም እሱ ነው። ዛሬ ጣና ላይ የተሠራው ነገ ጮቄ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የጣናን ነገር እንደ ጎረቤት ወሬ ሳይሆን እንደ ራሳችን ጉዳይ እንመልከተው።

ለመሆኑ ይጠበቅ የተባለው ምንድነው? ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱ ባሕር የሚመስለው ብዙ ነው። ግን አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ሰፊ ገበታ ነው እንጂ እንደ ጉድጓድ አይደለም። ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዳሩ ብዙ የሚሸሸው፣ ደለል ሲገባበትም ቶሎ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

በዚህ ውሃ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉ። የጣና አጥማጅ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ ቤዞ እያለ ይለያቸዋል። ነጭ ዓሣ በሚለው ስም የሚጠራው ዘር ሊቃውንቱ ሲመረምሩት አንድ ሳይሆን 15 ያህል የተለያየ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ዓሣ ይበላል፣ ሌላው ትል ይለቅማል፣ ሌላው ሣር ይግጣል። ሁሉም እዚያው ጣና ውስጥ ተፈጥረው፣ ተለያይተው፣ ተባዝተው የኖሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር በዓለም ላይ ከስንት አንድ ነው። በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ቴምብር ላይ ይታተም ነበር። እኛ ዘንድ ግን ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስሙን የሚያውቀው እንኳ ጥቂት ነው።

በዳሩ ደንገል ይበቅላል። ነገደ ወይጦ ከዚያ ደንገል ታንኳ እየሠሩ ሐይቁን ከማንም በፊት ያወቁት ሰዎች ናቸው። ጉማሬው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ቀን ተኝቶ ሌሊት ወጥቶ ይግጣል። በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከሩስያ በረው የሚመጡ ረጃጅም እግር ወፎች በሺህ እየሆኑ የፎገራን ሜዳ ያለብሱታል። ጭንቅላቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ጸጉር የተተከለላት ውብ ወፍም እዚያው ረግረግ ውስጥ ትፈለፍላለች። ዘጌ ደግሞ ቡናውን ከደኑ ጥላ ሥር አድርጎ ያኖረ ደሴት መሰል ምድር ነው። በደሴቶቹ ላይ ያሉት ገዳማትም የመጻሕፍትና የነገሥታት አጽም መጠበቂያ ብቻ አይደሉም፤ የዛፍም መጠለያ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሀብት ምን ደረሰበት?

በመጀመሪያ የተመታው ዓሣው ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ገባ። ለድሃው አጥማጅ እንጀራ ነውና ክፉ አልነበረም። ክፉው ነገር ልኩን የሚቆጣጠር አለመኖሩ ነው። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነልጇ ይይዛል። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚበትንም አለ። በ1980ዎቹ በተካሄደ የአሥር ዓመት ጥናት የዚህ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። አዋጁ ጥሩ ነው። ግን ክረምት ላይ ጉማራ አፍ ላይ ቆሞ "ተው!" የሚል ማነው? አዋጅ በራሱ መረብ አያነሳ።

ቀጥሎ የተመታው ረግረጉ ነው። የፎገራ ረግረግ ለወፉ ቤት፣ ለዓሣው መፈልፈያ፣ ለሐይቁ ደግሞ ማጥለያ ነው። ከደጋ የሚወርደው ደለል እዚያ ይቀራል፣ ውሃው ጠርቶ ወደ ሐይቁ ይገባል። ሸሸር የሚባለው ረግረግ በ1979 ዓ.ም. ከ1,500 ሄክታር በላይ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ሲለካ ወደ 140 ሄክታር ወርዶ ተገኘ። ጎረቤቱ ወለላም ግማሽ ያህሉ ተበልቷል። ውሃው ለመስኖ ተቀዳ፣ መሬቱ ሩዝና አትክልት ተዘራበት። ሩዝ የዘራውን ገበሬ አንፈርድበትም። ሆዱን ይሙላ እንጂ ምን ይሁን? የምንፈርደው በአንድ እጁ "ሩዝ ዝራ፣ ምርት ጨምር" እያለ በሌላ እጁ "ረግረጉ ጥብቅ ነው" ብሎ ሰሌዳ በሚተክለው ላይ ነው።

ሦስተኛው መንግሥት ራሱ በገዛ እጁ የሠራው ነው። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. በሩ ሰባት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የጣና ውሃ የሚወጣው በእግዚአብሔር ዝናብ ብቻ ሳይሆን በመብራት ኃይል ቁልፍም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ሲያጥር ለኤሌክትሪክ ተብሎ ውሃው ተለቀቀና ሐይቁ ወረደ። መርከብ ለአራት ወር ያህል መሄድ አቃተው። ደንገሉ ደረቀ። ውሃው የሸሸበት ከ500 ሄክታር በላይ የሐይቅ ወለል ታረሰ። ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና ውሃ በዋሻ እየተሻገረ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የበለስን ተርባይን ያዞራል። ጢስ እሳትን ለማየት አገር አቋርጦ የሚመጣ እንግዳ በብዙ ወራት የሚያየው ራቁቱን የቀረ ገደል ነው። መብራት አያስፈልግም አላልንም። ግን ቁልፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አጥማጁ፣ ታንከኛው፣ መነኩሴው፣ ገበሬው ተጠይቆ ያውቃል? በሐይቁ ዳር ባለ መንደር ሌሊቱን በኩራዝ የሚያሳልፍ ቤት መኖሩስ አያሳፍርም?

አራተኛው እምቦጭ ነው። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ አረም ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ፍሬው በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ቆቃ ላይ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የታወቀ ነው። ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ልብ በሉ! ዩኔስኮ ሐይቁን ከመመዝገቡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ያን ጊዜ በጥቂት ቀበሌ ዳርቻ ላይ የነበረውን አረም በጥቂት ሰው ማጥፋት ይቻል ነበር። ዝም ተባለ። አረሙ የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳር ለበሰ። ታንኳ መግቢያ፣ ከብት መጠጫ፣ ዓሣ መራቢያ አጣ። ጩኸቱ የተሰማው አረሙ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ መታየት ከጀመረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለም?

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው አንድ ነገር አለ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ የኦሮሞ ወጣቶች "ጣና ኬኛ"፣ ጣና የኛ ነው፣ ብለው ባሕር ዳር መጡ። ጭቃ ውስጥ ገብተው ከጎጃምና ከጎንደር ወንድሞቻቸው ጋር አረም ነቀሉ። ሕዝብ ለሕዝብ ጠብ እንደሌለው ከዚያ በላይ ማስረጃ አናውቅም። ከሀገር ውጭ ያለው ወገንም ገንዘብ አዋጣ፣ ማሽን ገዝቶ ላከ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የአንድ ወር ዘመቻ አውጆ ሕዝቡ እንደገና ወጣ። ዘመቻው ሳይጠናቀቅ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳና የሁሉም ዓይን ወደዚያ ዞረ። እምቦጭ ግን ጦርነት አያውቅም። ሲዋጉ ይበቅላል፣ ሲታረቁም ይበቅላል።

እንግዲህ ይታያችሁ። ሕዝቡ ጉልበት ሲጠየቅ ሰጠ። ገንዘብ ሲጠየቅ ሰጠ። ውሳኔ ላይ ግን ማንም አልጠራውም። ጨረጨራ ላይ የሚከፈተውን በር አያውቅም። የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲሰጥ አይጠየቅም። የባሕር ዳር ከተማ ፍሳሽ የት እንደሚገባ አይነገረውም። የጎንደርም ፍሳሽ በመገጭ በኩል ወርዶ የሚገባው እዚያው ነው። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወጣ ቆሻሻ ለእምቦጭ ቀለብ ነው። ከላይ እየቀለቡት ከታች ቢነቅሉት ምን ዋጋ አለው?

በጣና ስም ስለተሰበሰበው ገንዘብም አንድ ነገር እንበል። ተሰረቀ አላልንም። ማስረጃ ሳንይዝ ሰውን ሌባ አንልም። የምንለው ሒሳቡ ይነገረን ነው። ስንት ገባ? ስንት ወጣ? የተገዙት ማሽኖች የት ናቸው? ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱ ዳር ላይ ቆሞ ዝገት ይበላዋል? ከደሞዙ የተቆረጠበት መምህር፣ ዕቁቡን ያዋጣ ነጋዴ፣ ስደት ላይ ሆኖ ዶላሩን የላከ ወጣት ይህን የማወቅ መብት አለው። ሒሳብ ማሳየት የሚያሳፍረው የሚያፍርበት ነገር ያለው ብቻ ነው።

ባለሥልጣናቱ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። "ገበሬው ደን ጨፈጨፈ፣ ገበሬው ረግረግ አረሰ፣ ግንዛቤ ይጎድለዋል" ይላሉ። አይ የኛ ነገር! ገበሬው ግንዛቤ አይጎድለውም። የሚጎድለው እምነት ነው። ለምን እንደሚጎድለው ደግሞ የቢቸናና የሞጣ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ የረሳ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የለም። አንዱ "ቢሮክራት"፣ ሌላው "የፊውዳል ርዝራዥ" እየተባለ፣ አያቱ የመነጠሩት፣ አባቱ ያረሱት መሬት እየተለካ ተቆረሰ። ልጆች ያሉት፣ ዕድሜ የጠገበ አባወራ በአንድ ሄክታር ቀረ። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ደብተር ተሰጠ፣ መልካም ነው። ግን ያን ያየ ሰው ካኪ የለበሰ ባለሙያ ሜትር ይዞ ሲመጣ ምን ያስባል? "ይህ ቦታ ከዛሬ ጀምሮ ጥብቅ ነው" ሲባል የሚሰማው "ይህ ቦታ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ አይደለም" የሚለውን ነው። ይህን የፈጠረው አላዋቂነት ሳይሆን የኖረበት ታሪክ ነው። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ማሽላውን ሲበላበት "አትንካው፣ የመንግሥት ነው" ይባላል። ማሽላው ግን የማን ነው? የጠፋውን እህል የሚክስ ማነው? ጉማሬውን ለገበሬው ጠላት ያደረገው ጉማሬው አይደለም።

ይህን ስንል ሕዝባችን መጠበቅ አያውቅም ማለታችን አይደለም። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ቢቸና የሚጓዝ ሰው በመስኮት ምን ያያል? እርሻ፣ እርሻ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና እርሻ። ድንገት ከሜዳው መካከል ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ደን ብቅ ይላል። ያ ደን ደብር ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው እዚያ አለ። ሌላ ቦታ የጠፋው ወፍ እዚያ ይዘፍናል። ምንጭ ከሥሩ ይፈልቃል። ለዚያ ደን ዩኔስኮ ሰሌዳ አልተከለም። የጥበቃ ሠራተኛ በደሞዝ አልተቀጠረለትም። የጠበቀው ሕዝቡ ነው። ቤቴ ነው ብሎ፣ የአባቶቼ አጽም ያረፈበት ነው ብሎ፣ ነገም ልጄ እዚሁ ክርስትና ይነሣል ብሎ የጠበቀው ነው።

የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በጎንደርና በጎጃም ያሉትን እነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲያጠኑና ሲያስጠብቁ ቆይተዋል። ከዚያ ሥራ የታየው ቁም ነገር ቀላል ነው። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላው ሕዝቡ ከገዛ ማሳው ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ዳነ። ማን አዘዘው? ማንም። የገዛ ንብረቱ መሆኑን ስላመነ ነው። ጣናንም የሚያድነው ይኸው ነው፤ ሌላ አስማት የለውም።

ከሌሎችም እንማር። ሐረማያ የሚባል ሐይቅ ነበረን። ከተማ ጠጣው፣ ጫትና አትክልት ጠጣው፣ ደለል ሞላው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ከፊሉ ውሃ መመለሱ እግዚአብሔር ይመስገን ያሰኛል። ግን ሐይቅ ሊሞት እንደሚችል አይተናል። አብያታም አለ። አብያታ ከሻላ ጋር ብሔራዊ ፓርክ ከተባለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፓርክ እየተባለ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለበት፣ ወደ እሱ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ ተቀዳ። ሐይቁ ወደ መካከል ሸሸ፣ ዓሣው አለቀ፣ ዓሣ በላ የሆነው ፔሊካን ቀለቡን ሌላ ቦታ ፈለገ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ፓርክ ነው! የወረቀት ጥበቃ ማለት ይኼ ነው።

በጎውንም እንይ። ኡጋንዳና ኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እምቦጭ በ1980ዎቹ ወርሯቸው ወደብ ዘግቶባቸው ነበር። በእጅ ነቀሉ፣ በማሽን አጨዱ፣ እምቦጭን ብቻ የሚበላ ትንሽ ጢንዚዛም አራብተው ለቀቁበት። በጥቂት ዓመት ውስጥ አረሙ እጅግ ቀነሰ። ኋላ ግን ፍሳሹና ደለሉ ስላልቆመ በየጊዜው ተመለሰባቸው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ ወር ተዘምቶ ዓሥራ አንድ ወር ተተኝቶ እምቦጭ አይጠፋም። ሥራው የየዕለት ነው፤ ምንጩም ካልደረቀ ልፋቱ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጎጃም ጣሪያ ነው። በአሥሮች የሚቆጠሩ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ። ጅብራው፣ አስታው፣ ጓሳው የዝናቡን ውሃ እንደ ሰፍነግ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀው ነበር። ዛሬ ገብስና ድንች እስከ ጫፉ ድረስ ወጥቷል። ቁልቁለቱ ሲታረስ አፈሩ ይወርዳል። የት ይሄዳል? ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንዲሉ፣ ዓባይ ይዞት ይሄዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ከዚሁ ወንዝ ነው። የቢቸና ገበሬ፣ የሞጣ አስተማሪ ለግድቡ ቦንድ ገዝቷል። ደለሉ ግን ከገዛ ማሳው እየታጠበ እዚያው ግድብ ውስጥ እየገባበት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው አሁን ደግሞ የዓባይን ልጅ አፈሩ ከዳው ሆኗል።

ነገ ከነገ ወዲያ ጮቄም "ጥብቅ ሥፍራ" ይባል ይሆናል። ይባል፤ ደስ ይለናል። ግን እንደ ጣና ከሆነ አንፈልገውም። ከላይ ሰሌዳ፣ ከታች ገበሬ፣ መካከሉ ባዶ ከሆነ ጅብራውም አይድን፣ ገበሬውም አይጠቀም።

ሌላው ሁሉን የሚያጠፋው ጦርነቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምንም አውድማ አድርጎታል። ሰው በሚወድቅበት ምድር ስለ ዓሣና ስለ ወፍ መጻፍ ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ባለሙያ ወደ ቀበሌ መሄድ ሲያቅተው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ገበሬ ማዳበሪያና ሰላም ሲያጣ ቀድሞ የሚቆረጠው ዛፉ ነው፤ ቀድሞ የሚዘረጋው የወንዝ አፍ መረብ ነው። መሣሪያ ያነገቡት ሁሉ፣ መንግሥትም ሌላውም፣ አንድ ነገር ይወቁ። ሲዋጉበት የሚያልቀው ሰው ብቻ አይደለም። ቢያሸንፉም የሚረከቡት የደረቀ ወንዝና የተራቆተ ተራራ ከሆነ ምኑን አሸነፉት?

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚባለው ብዙ ነው፤ ግን ዋና ዋናውን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ የጣና ዳርቻ ወሰን በግልጽ ይለይ። ድንበሩ በቢሮ ካርታ ላይ ሳይሆን በመሬቱ ላይ፣ ገበሬው ባለበት፣ ሽማግሌው በሚመሰክርበት ይመልከት። ለባለ ሆቴሉም ለባለ በሬውም አንድ ሕግ ይሁን። ድሃውን ከረግረግ አስነሥቶ ሀብታሙን በሐይቅ ዳር ማስፈር ጥበቃ አይባልም።

ሁለተኛ፣ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወራት የወንዝ አፍ ይዘጋ። መዝጋት ብቻ ግን አይበቃም። ለአጥማጁ በእነዚያ ወራት የሚበላው ይታሰብለት። ጠባቂም ከራሳቸው ከአጥማጆቹ ማኅበር ይመረጥ። ሌባን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ በጣና ስም የተሰበሰበው ገንዘብ ሒሳብ በጋዜጣ ይውጣ። የማሽኖቹ ቁጥርና ያሉበት ሁኔታም ይነገር።

አራተኛ፣ የጨረጨራ በር አከፋፈት ከሐይቁ ተጠቃሚዎች ጋር ይመከርበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲሠራ ሙሉ በሙሉ የመመከርና አሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። ሌላ አዲስ ሕግ አልጠየቅንም፤ የጻፋችሁትን አክብሩ ነው ያልነው።

አምስተኛ፣ ጮቄ ላይ ሰሌዳ ከመተከሉ በፊት ከቢቸናና ከሞጣ፣ ከዙሪያው ወረዳዎችም ሁሉ ገበሬው ይጠራ። ስብሰባው ለማጨብጨብ ሳይሆን ለመወሰን ይሁን። ደጋው ላይ ማረሱን ቢያቆም ምን ይተካለታል? የሚቀጣው ማነው፣ የሚካሰውስ? ይህ አስቀድሞ ይጻፍ፤ እሱም አንድ ቅጂ ኪሱ ይክተት።

ለሕዝባችንም አንድ ቃል አለን። መንግሥት አልሠራም ብሎ እጅን ማጣጠፍ የትም አያደርስም። የደብሩን ደን የጠበቀው እጅ የወንዙን ዳርም መጠበቅ ይችላል። ካብ የካበ ሕዝብ እርከንም ይሠራል። ብርብራ የሚበትነውን ጎረቤቱን "ተው" ማለት የሚችለው ፖሊስ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው፣ እናውቃለን፤ ምንጭ ራስ ላይ ግን አይተከል። ይህን ለማድረግ የማንንም ሹም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ጣና በሺህ ዓመታት ውስጥ ንጉሥ ሲነሣና ሲወድቅ አይቷል። ግራኝንም፣ ደርቡሽንም፣ ጣልያንንም አሳልፏል። ታቦትና መጽሐፍ በደሴቶቹ ደብቆ ለትውልድ አቆይቷል። ዛሬ ግን የመጣበት ጠላት በአንድ በኩል አበባ የለበሰ አረም ነው፣ በሌላ በኩል ማኅተም የያዘ ቸልተኝነት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ለአንባቢ እንተወዋለን። አረሙ ግን ያለ ቸልተኝነቱ ሥር እንደማይሰድ እኛ እናምናለን።

ልጆቻችን ነገ ባሕር ዳር ወርደው ያን ሰሌዳ ሲያነቡ "ታዲያ ሐይቁ የት አለ?" ብለው እንዳይጠይቁን፣ ዛሬ ልብ ያለው ልብ ይበል!